ሽቦ ይዞ ተራራ መውጣት፦ ስለ ዝቅተኛ ኃይል አማተር ሬዲዮና የእግር ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቨርጂኒያ ውስጥ ዛፍ ሥር ሽቦ ዘርግቼ ያገኘኝ ሁሉ፣ የሥራ ባልደረቦቼም፣ ዘመዶቼም የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

አማተር ሬዲዮ ምንድን ነው? "ዝቅተኛ ኃይል" ሲባልስ ስንት ነው?

አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ ሬዲዮና በራሱ አንቴና ከሌሎች አማተሮች ጋር የሚገናኝበት የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። መሃል ላይ ኢንተርኔት የለም፣ የስልክ ማማ የለም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለም። ገንዘብ መሥራት ክልክል ነው። ሙዚቃ ማጫወትና ለሕዝብ ማሰራጨትም እንደዚሁ። ስለዚህ "ኤፍ ኤም ጣቢያ ከፈትክ እንዴ?" ለምትሉኝ፣ አልከፈትኩም።

ብዙው አማተር ቤቱ ቁጭ ብሎ በ100 ዋት ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ እስከ 1,500 ዋት ድረስ ይፈቅዳል። "ኪው አር ፒ" የሚባለው የእኛ ወገን ግን በሞርስ (በነጥብና ሰረዝ በሚላክ ኮድ) ከ5 ዋት፣ በድምፅ ከ10 ዋት ላለማለፍ ራሱን ይገድባል። ስሙ ከቴሌግራፍ ዘመን አጫጭር ኮዶች የመጣ ነው፤ "ኃይል ልቀንስ?" እንደማለት ነው። 5 ዋት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገመት፣ ሳሎን ውስጥ ያለችው የኤልኢዲ አምፖል ብቻዋን ወደ 9 ዋት ትበላለች።

ስልክ እያለ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

ይሄን አብዝታ የምትጠይቀኝ እናቴ ናት። "ልጄ፣ ሽቦ ይዘህ ጫካ ለጫካ ከምትንከራተት ለምን አትደውልላቸውም?" ትለኛለች። እማዬ፣ ቁጥራቸውን አላውቀውማ! ደስታውም እሱ ላይ ነው። ጥሪ ትለቃለህ፣ ማን እንደሚመልስ ግን አታውቅም። አንድ ቀን በሚኒሶታ በረዶ ውስጥ የተቀመጠ ጡረተኛ ነው፣ ሌላ ቀን ስፔን ውስጥ እራቱን ሊበላ ያለ ሰው።

እኔ ያደግኩት አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን በአጭር ሞገድ ሲፈልግ እያየሁ ነው። መርፌዋን በጣም ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሳታል። ድምፁ ይመጣል፣ ያፏጫል፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። አንቴናው አልበቃ ሲል ሽቦ ቀጥሎ ከጣራው ቆርቆሮ ጋር ያስረዋል። ዛሬ እኔ የማደርገው ያንኑ ነው። ልዩነቱ እኔ መመለስ እችላለሁ።

ሌላው ምክንያት እግሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል ሰው ነኝ። ዝም ብለህ ተራመድ ቢሉኝ እሰንፋለሁ። ጫፉ ላይ የምሠራው ነገር ካለ ግን ሳይነጋ እነሳለሁ።

በ5 ዋት የት ድረስ ይሰማል?

ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። ሁኔታው ከተመቸ ውቅያኖስ ይሻገራል። ከ100 ዋት ወደ 5 ዋት ስትወርዱ ኃይላችሁ በ20 እጥፍ ይቀንሳል፤ ሲሰሙት ያስፈራል። ተቀባዩ ሬዲዮ ላይ ያለችው የሲግናል መለኪያ ግን አንድ መስመር የምትወርደው ኃይሉ ወደ ሩብ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ቅነሳ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው ከሁለት መስመር ብዙም አይበልጥም። ቀድሞ በደንብ ይሰማችሁ የነበረ ሰው አሁንም ይሰማችኋል፣ ትንሽ ጆሮውን ማቅናት ይኖርበታል እንጂ።

ሥራውን የሚሠራው ሰማዩ ነው። አዮኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን አየር ፀሐይ በኤሌክትሪክ ትሞላዋለች። የአጭር ሞገድ ሲግናል ወደላይ ሄዶ እዚያ ይታጠፍና ተመልሶ መሬት ይወርዳል። በአንድ ዝላይ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል፤ ከመሬት ወይም ከባሕር ነጥሮም እንደገና ይዘላል። የአባቴ ሬዲዮ ድምፅ የሚርቀውና የሚቀርበውም በዚሁ የተነሳ ነበር። "ባንድ" የምንለው ለእኛ የተመደበ የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው፤ ስሙ የሞገዱ ርዝመት ነው፣ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ይላል። ቀን ቀን 20 ሜትር ባንድ ይሻላል። ሲመሽ 40 ሜትር ባንድ ይነቃል፣ ምክንያቱም ቀን ላይ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠፋል።

አስቂኙ ነገር፣ ሲግናሉ ዘሎ ስለሚሄድ ቅርብ ያለው ሰው ላይሰማችሁ ይችላል። ሚኒሶታ እየሰማኝ ተራራው ግርጌ ያለው አማተር ጭራሽ ያልሰማኝ ቀን አለ። ደግሞ ፀሐይ ራሷ በ11 ዓመት ገደማ የምትደምቅበትና የምትረጋጋበት ዑደት አላት። ናሳ ከፍተኛው ምዕራፍ ላይ መድረሷን እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። በደህናው ዘመን የጀመረ ሰው እንደኔ ይቀብጣል።

ፈቃድ ያስፈልጋል? ዜግነትስ ይጠየቃል?

ለመስማት አያስፈልግም። ለማስተላለፍ ግን የግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠየቅም። የውጭ መንግሥት ወኪል አለመሆንና አሜሪካ ውስጥ የፖስታ አድራሻ መኖር ይበቃል። የዕድሜ ገደብ የለም፤ ልጆችም ይፈተናሉ።

ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቴክኒሺያን፣ ጄኔራል፣ ኤክስትራ። የመጀመሪያው ፈተና 35 ጥያቄ አለው፣ 26 ካገኛችሁ አለፋችሁ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ የመንጃ ፈቃድ ጽሑፍ ፈተናን ያጠና ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ለኮሚሽኑ 35 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ፈታኞቹ ደግሞ ትንሽ ይጨምሩበታል፣ በነፃ የሚፈትኑም አሉ። ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል።

አንድ ምክር ልስጣችሁ። ቴክኒሺያን ላይ አትቁሙ። በአጭር ሞገድ የሚፈቅድላችሁ ጥቂት ነው፦ በሦስት ባንዶች ላይ ሞርስ፣ በ10 ሜትር ባንድ ላይ ደግሞ ድምፅም ጭምር። 20 ሜትር የሚከፈተው ከጄኔራል ጀምሮ ነው። እኔ በመሃሉ ስምንት ወር አባክኛለሁ።

ሞርስ ማወቅ ግዴታ ነው?

አይደለም። አሜሪካ የሞርስ ፈተናን እ.ኤ.አ. በ2007 አስቀርታለች። በድምፅ ብቻ የሚሠራ ብዙ ነው። ኮምፒውተር የሚጠቀሙም አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤፍ ቲ 8 የሚባለው ዘዴ ጆሮ የማይሰማውን ደካማ ሲግናል ፈልፍሎ ያወጣል። ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር ነው፤ በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው።

እኔ ግን ሞርስ ተማሩ እላለሁ። ኃይላችሁ ትንሽ ከሆነ ሞርስ ያንኑ ትንሽ ኃይል በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ሰብስቦ ይልከዋል፣ ድምፅ ግን ይበትነዋል። ሬዲዮውም ቀላልና ርካሽ ይሆናል። ነጥብና ሰረዝ በዓይን አታጥኑ፤ በጆሮ፣ እንደ ዜማ ነው የሚያዘው። በቀን 15 ደቂቃ ስለማመድ አራት ወር ፈጀብኝ። ባቡር ውስጥ ጣቴ ጉልበቴ ላይ ሲመታ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ቦታ ቀይራለች።

ቦርሳህ ውስጥ ምን አለ? ስንት ያስወጣል?

ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ገመድ፣ የሞርስ ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ደብተርና እርሳስ። ከውሃው ውጪ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ባትሪዬ ባለ 3 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ነው፤ ለግማሽ ቀን ይበቃኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመስማት ነው።

ዋጋው ከሰማይ እስከ ምድር ይለያያል። በአንድ ባንድ ላይ ሞርስ ብቻ የሚሠራ፣ ራሳችሁ በይዳችሁ የምትገጥሙት ሬዲዮ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። እንደ ኤሌክራፍት ኬ ኤክስ 2 ወይም አይኮም 705 ያሉት ሁሉን አድራጊዎች ከ1,000 ዶላር በላይ ናቸው። የመጀመሪያዬ ርካሹ ነበር። አንዱን ጥቅልል ገልብጬ ስለበየድኩት ሁለት ሳምንት ድምፁን ዘጋብኝ፤ ጥፋቱ የኔው ነው።

ከኦንላይን በ25 ዶላር የምትገዟት የእጅ ሬዲዮስ? እሷም 5 ዋት ናት፣ ግን የምትሠራው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። እዚያ ላይ ሲግናሉ ከሰማይ አይመለስም፣ በግምት ዓይን እስከሚያይበት ይሄድና ያበቃል። ከተራራ ጫፍ ላይ ጥሩ ናት። ስፔንን ግን አትጠብቁባት።

ሽቦውን የት ትሰቅለዋለህ?

ዛፍ ላይ። ክብደት ያሰርኩበትን ገመድ ቅርንጫፍ ላይ እወረውርና ሽቦውን እስባለሁ። ልጅ ሆኜ በወንጭፍ ያባከንኩት ጊዜ እዚህ ጠቀመኝ። አሜሪካዊ ጓደኛዬ አምስቴ ይወረውራል፣ እኔ ባንዴ።

ርዝመቱ እንደ ባንዱ ነው። 143ን በሜጋኸርዝ ብታካፍሉት የግማሽ ሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ። ለ20 ሜትር ባንድ ወደ 10 ሜትር፣ ለ40 ሜትር ባንድ ወደ 20 ሜትር ይመጣል። እኔ የምይዘው 20 ሜትሩን ነው፤ ጫፉ ላይ በምትታሰር ትንሽ ትራንስፎርመር አራት ባንድ ይሠራልኛል። አንድ ቀን ከፍ ያለ ሽቦ ከአሥር ዋት ጭማሪ እንደሚበልጥ በራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ዛፍ ላይ ምንም ነገር ማሰር የሚከለክሉ ፓርኮች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለዚያ ጊዜ የሚሳብ የፋይበር ምሰሶ አለ። የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ገመድ አትወርውሩ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሽቦውን ለማውረድ እንኳ አትቆዩ፣ ጥላችሁት ውረዱ።

ዋሽንግተን አካባቢ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ሜዳ ከፈለጋችሁ ከጆርጅታውን የሚነሳው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር መንገድ አለ። እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ የፈለጋችሁበት ላይ መቆም ነው። አጠር ያለ ተራራ ለሚፈልግ ሜሪላንድ ውስጥ ሹገርሎፍ አለ፣ 391 ሜትር።

የኔ ግን ሸናንዶዋ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የተራሮቹን ጀርባ ይዞ 169 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፣ ከመንገዱ ላይ አጫጭር የእግር ዱካዎች ወደ ጫፎቹ ይወጣሉ። ከፍተኛው ሆክስቢል 1,235 ሜትር ነው። የአገሬ ሰው እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፦ መርካቶ ላይ ቲማቲም የሚሸጠው ሰው ከዚህ ወደ እጥፍ በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው የቆመው። ቢሆንም ከላይ ሲታይ ሸለቆው ያምራል፣ የከተማው የኤሌክትሪክ ጫጫታም የለም። አፓርታማዬ ውስጥ ሬዲዮው እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫል። ተራራው ላይ ግን ዝም ይላል። ደካማ ሲግናል የሚሰማው እንዲህ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ነው።

ከጉዞ በኋላ ካልሲያችሁንና እግራችሁን ለመዥገር ፈትሹ፤ በሽታ ታስይዛለች። ምሳችሁን ደግሞ ድብ እንዳያገኘው አድርጋችሁ አስቀምጡ።

"ሶታ" እና "ፖታ" ሲሉ እሰማለሁ። ምንድን ናቸው?

ሁለቱም ሰው ከቤቱ እንዲወጣ የሚገፋፉ ፕሮግራሞች ናቸው። ሶታ ለተራራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪታንያ ውስጥ ተጀመረ። ዕቃችሁን ራሳችሁ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ፣ ከጫፉ ከ25 ሜትር በላይ ወርዳችሁ መሥራት አይቻልም፣ መኪና ውስጥ ሆኖ መሥራትም አይቻልም። አራት ሰው ካገኛችሁ ነጥቡ የናንተ ነው። 1,000 ነጥብ የሞላለት "የተራራ ፍየል" ይባላል። የሰሜን ተራሮችን ዋልያ ለሚያውቅ ሰው ማዕረጉ ያምርበታል።

ፖታ ለፓርኮች ነው፣ ሥሩም የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት 100ኛ ዓመት በተከበረበት በ2016 የተካሄደ ዝግጅት ነው። ከመኪና ውስጥም ይሠራል፣ ግን በአንድ ቀን ውስጥ 10 ሰው ማግኘት አለባችሁ። "ቀን" ሲባል ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ ላይ በበጋ ከምሽቱ 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ያልፋል። አንዴ ሐምሌ ላይ 9 ሰው አግኝቼ ቡና ልጠጣ ተነሳሁ። ስመለስ ቀኑ ተቀይሯል፣ ከዜሮ ጀመርኩ። አበሻ መሆን እዚህ አይጠቅምም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሦስት ሰዓት አለ፦ የአሜሪካ፣ የዓለም አቀፉ፣ የእናቴ።

ጠርቼ ጠርቼ ማንም ካልመለሰልኝስ?

ይሆናል። መጀመሪያ የሚሰማችሁ እንዳለ አረጋግጡ። በዓለም ዙሪያ የሞርስ ጥሪ እየሰሙ በራሳቸው ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉ መቀበያዎች አሉ፣ ሪቨርስ ቢከን ይባላል። ስልካችሁ ኔትወርክ ካለው ሁለት ሦስቴ ጠርታችሁ እዚያ እዩ። የጥሪ ምልክታችሁን፣ ማለትም ከፈቃዱ ጋር የሚሰጣችሁን የፊደልና የቁጥር መለያ፣ ቦስተን ያለ መቀበያ ከጻፈው አንቴናው ሠርቷል፣ የቀረው ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመጥራት ይልቅ መልሱ። ባንዱን ቀስ ብላችሁ ዙሩና ጎልቶ የሚሰማችሁን ጣቢያ ፈልጉ። በደንብ ከሰማችሁት እሱም ሊሰማችሁ ይችላል። የዝቅተኛ ኃይል ሰዎች የሚገናኙበትን 14.060 እና 7.030 ሜጋኸርዝንም ሞክሩ። ቅዳሜና እሑድ ትልልቅ ውድድር ካለ ግን ባንዱ ገበያ ነው። ያኔ ሽቦውን ጠቅልሉና በእግራችሁ ዙሩ። እኔ ባዶ እጄን የወረድኩበት ቀን ብዙ ነው፣ ጫማዬ ግን ሥራውን ሠርቷል።

ሰው ወይም ፖሊስ ሲያይህ አይጠረጥርም?

ይጠረጥራል። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ጥቁር ሳጥን፣ የሚጮህ ነገር። በዚያ ላይ ጥቁር ሰው፣ በዚያ ላይ እንደኔ የሚያስታውቅ አነጋገር። ሳናስመስል እንነጋገር፤ ነጭ ጓደኛዬን ሰላም ብለው ያልፉታል፣ እኔን ቆም ብለው ያያሉ።

ስለዚህ ተደብቄ አልቀመጥም። ሰው በሚያልፍበት፣ ግን መንገድ በማይዘጋ ቦታ ላይ እሆናለሁ። የፈቃዴን ወረቀት ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ሰው ሲቀርብ ማዳመጫውን አውልቄ ቀድሜ ሰላም እላለሁ። አንድ የፓርክ ጠባቂ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጥቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ስለ አያቱ ሬዲዮ እያወራልኝ ሄደ። ልጆች ከመጡ ስማቸውን በሞርስ አሰማቸዋለሁ፤ ወላጆቹ ያኔ ይረጋጋሉ።

በአማርኛ ማውራት ይፈቀዳል?

አሜሪካ ውስጥ ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው መልእክቱን ለመደበቅ በምስጢር ኮድ መናገር ነው። ግን በየ10 ደቂቃውና መጨረሻ ላይ የጥሪ ምልክታችሁን መናገር አለባችሁ፣ እሱ ደግሞ በድምፅ ከሆነ በእንግሊዝኛ ነው። ማንም ሊሰማ እንደሚችል ግን አትርሱ። የዕቁብ ገንዘብ ማን ጋ እንዳለ ማውሪያው ቦታ ይሄ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስሄድ ሬዲዮዬን ይዤ ብሄድስ?

በእጃችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር አትሞክሩት። የአሜሪካ ፈቃዳችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለማስተላለፍ አያበቃችሁም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን ይቆጣጠራል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። እንደ ድሮን ሁሉ የማስተላለፊያ ሬዲዮም ቦሌ ላይ ሊያዝ ይችላል። "መጫወቻ ነው" ማለት ጉምሩክን አያሳምንም። ገልፍ አገሮች ያላችሁም በዚሁ ጉዳይ አትቀልዱ።

አማተር ሬዲዮ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም ማለት ግን አይደለም። አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ። "ኢቲ" የአገሪቱ የጥሪ ምልክት መነሻ ነው። እኔ ለዕረፍት ስሄድ ሬዲዮውን ቤት ትቼ እንጦጦ በእግሬ እወጣለሁ። እጄ ያሳክከኛል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ከቨርጂኒያ ተራራ አዲስ አበባን በ5 ዋት ማግኘት ይቻላል?

በፊዚክስ ይቻላል። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቅጣጫው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ መሬት ክብ ናትና። ጥሩው ጊዜ እዚህ ረፋድ፣ እዚያ ማምሻ ላይ ነው፤ መንገዱ አብዛኛው ገና ብርሃን አለው። ከባዱ ነገር ርቀቱ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሚያስተላልፍ ሰው ጥቂት ነው፣ አንዱ ብቅ ሲል የዓለም አማተር ሁሉ ባንዴ ይጠራዋል። ከዚያ ሁሉ ባለ 1,000 ዋት መሃል የኔ 5 ዋት፣ መስቀል አደባባይ ለደመራ በወጣው ሕዝብ መሃል እንደማንሾካሾክ ነው።

አንድ እሑድ ሆክስቢል ላይ ኢቲ3ኤኤን ሰማሁት። ደካማ ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ልክ እንደ አባቴ ሬዲዮ። አርባ ደቂቃ ጠራሁ። አልሰማኝም። ሽቦዬን ጠቅልዬ ወረድኩና መኪናው ጋ ስደርስ እናቴ ጋ ደወልኩ። "እማዬ፣ ዛሬ ተራራ ላይ ሆኜ አዲስ አበባን ሰማሁ!" አልኳት።

"እና እኛ መቼ ጠፋን?" አለችኝ።